አልገባ ያለው ኦይል ሲል

ለብዙ ዓመት ጋሼ ተማም በጆሃንስበርግ ካሉ መካኒኮች ሁሉ የመጨረሻው ሰነፍ ይመስለኝ ነበር። የእጅ አምባር የምታክል አንዲት የጎማ ቀለበት ቦታዋ ለማስገባት ከረፋድ እስከ ከሰዓት የፈጀበት ሰው ሌላ ምን ሊባል ነው? ካደግኩ በኋላ እንኳ መኪና የተበላሸበት ሰው ስሙን ሲያነሳ ቀደም ብዬ «ተማም ጋ ከወሰድከው ከአሁኑ በእግር መሄድ ልመድ» እል ነበር። ሰው ይስቃል። እናቴ ግን አትስቅም፤ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ጊዜው የኮሮና ሁለተኛው ዓመት፣ ወሩ ሐምሌ ነው። እዚህ አገር ሐምሌ ዝናብ የለውም፤ ሣሩ ቢጫ ሆኖ፣ ቆርቆሮውን ሲነኩት እጅ የሚልጥ ደረቅ ብርድ ነው። አስር ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሜይፌር፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ ከተደረደሩት ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ሲሆን፣ ጋሼ ተማምና ሚስቱ ባህሪያ የግድግዳ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። እነሱ ከስልጤ፣ እኛ ከሀዲያ፤ እነሱ መስጊድ፣ እኛ ቸርች፤ ጨውና ስኳራችን ግን አንድ ነበር። እናትና አባቴ እርስ በርሳቸው በሀዲይሳ፣ ከነተማም ጋር በአማርኛ ያወራሉ። እኔ የትምህርት ቤቱን እንግሊዝኛ ይዤ ከሁለቱም ቋንቋ የቻልኩትን ያህል እየለቀምኩ እኖራለሁ። የገባኝ ሲመስለኝ ደግሞ ማንንም አልጠይቅም።

አባቴ ዱካሞ ዳቬይተን ውስጥ ስፓዛ ነበረው፤ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦ፣ ወተትና የስልክ ካርድ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ። መጀመሪያ ሳል ጀመረው። ከዚያ ትንፋሽ አጠረው። ከዚያ ጋሼ ተማም ደግፎ ባኪያችን ውስጥ አስገባውና ሆስፒታል ወሰደው፤ ባኪ የሚባለው እዚህ አገር ከኋላው ዕቃ የሚጫንበት ትንሹ መኪና ነው። መዝጋቢዋ የቤተሰብ ስልክ ስትጠይቅ አባቴ የጋሼ ተማምን ቁጥር ሰጠ፣ ምክንያቱም እናቴ ኤርጎጌ እንግሊዝኛ ይቸግራታል። ጠያቂ አይገባም ነበር። ስለዚህ የአባቴ ወሬ ሁሉ የሚመጣው በጋሼ ተማም ስልክ ነው፤ ነርሷ ትደውላለች፣ እሱ ለእናቴ ይተረጉማል። የሚተረጉመውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፦ ኦክስጅኑን ከፊቱ እየነቀለ አስቸግሯል፣ እንቅልፍ የለውም፣ ሌሊቱን ሙሉ አላረፈም። እናቴም አልጋው ጫፍ ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ ትንሽ እንኳ ዕረፍት ስጠው» እያለች ትጸልያለች። እኔም ከእሷ ጎን ሆኜ ዓይኔን ጨፍኜ አሜን እላለሁ። በእኔ ሂሳብ አባቴ የጎደለው ነገር ዕረፍት ብቻ ነበር። ካረፈ ይድናል።

በዚያች የጎማ ቀለበት ቀን ዋዜማ ማታ ሌላ ወሬ መጣ። ሐኪሞቹ በመድኃኒት አስተኝተው ማሽን ላይ ሊያደርጉት ነው፤ ከዚያ በፊት ሚስቱ ነገ እስከ ከሰዓት ከደረሰች በመስታወት ልታየው ትችላለች። እናቴ ያን ሌሊት ልብሷን ሳታወልቅ ተኛች። መሄጃው ግን አልነበረም። ያ ሳምንት በአገሩ ሁከት ተነሥቶ ሱቅ የሚዘረፍበትና ጎማ የሚቃጠልበት ሳምንት ስለነበር ታክሲዎቹ ቆመዋል፣ በስልክ የሚጠሩትም ወደ ምሥራቅ አንሄድም ብለዋል። መኪና ያለው ሰው ሁሉ መኪናውን ደብቋል። የቀረችው ባኪያችን ናት፣ እሷም ከሞተሯ ፊት ዘይት እየተፋች ቆማለች።

የበሽታዋ ስም ኦይል ሲል ነበር። ሲል ለእኔ በትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያየሁት፣ በረዶ ላይ የሚተኛ ጺማም የባሕር እንስሳ ነው፤ ሞተራችን ውስጥ እንዴት እንደገባ ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ። በኋላ ጋሼ ተማም አዲሱን አሳየኝ። አባቴ ሳይታመም ገዝቶ ያስቀመጠው ነው፤ ውጪው ብረት፣ ውስጡ ለስላሳ ከንፈር ያለው ጎማ፣ ከከንፈሩ ጀርባ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስፕሪንግ። ዘይቱ ከሞተሩ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው አለኝ። ቦታው ላይ የሚቆመው በጥበቱ ብቻ ስለሆነ ከቀዳዳው ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ይሠራል፤ ጠመም ብሎ ከገባ ከንፈሩ ይታጠፋል፣ ያኔ ከድሮው የባሰ ያፈሳል።

ጠዋት እናቴ እያፈሰሰችም ቢሆን ልንዳት አለች። ጋሼ ተማም ቁልፉን ኪሱ ከተተ። መንገድ ላይ ዘይቱ ካለቀ ሞተሩ ይነክሳል፣ የተቃጠለ ጎማ መሀል ቆመሽ ትቀሪያለሽ አላት። ሞተር እንደሚናከስ አላውቅም ነበርና ከኮፈኑ ራቅ አልኩ።

«ከረፋዱ በፊት አስነሳታለሁ፣ የፅናት እናት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው፣» አላት፤ ፅናት እኔ ነኝ።

እውነትም መጀመሪያ ላይ ሰነፍ አልነበረም። ራዲያተሩን አውርዶ ግድግዳ አስደገፈው፣ ቺንጋውን ፈታ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ከባድ ክብ ብረት ነቅሎ ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። አሮጌውን ሲል በካቻቢቴ ፈልቅቆ አወጣ። ቦታውን በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ሲወለውል እናቴ ከጀርባው ቆማ ነበር። እሷ ሾኔ ውስጥ የአባቷ ወፍጮ ቤት ያደገች ናት፤ የናፍጣ ሞተር ሲታመም ሲድን እያየች ስላደገች አፏን መያዝ አትችልም። ከንፈሩን ዘይት ቀባው፣ አሮጌውን ላዩ ላይ ደርበህ ምታው፣ አንዱን ጎን ብቻ አትምታ፣ ዙረው ትለዋለች። እሱም ሳይቆጣ እሺ ይላታል። በመጨረሻ የሆስፒታሉን ልብስ ላዘጋጅ ብላ ወደ ክፍላችን ገባች። ጋሼ ተማም አዲሱን ሲል ዘይት ቀብቶ ወደ ቦታው ሲያስጠጋ ስልኩ ጮኸ።

ነርሷ መሆኗን ያወቅኩት በእንግሊዝኛ ስላናገራት ነው። «የስ፣ ሲስተር። የስ፣» አለ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ፣ «ታንክ ዩ፣ ሲስተር፣» ብሎ ዘጋው።

ታንክ ዩ ካለ ደግ ወሬ ነው። ትምህርት ቤት የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ሲሉን ጨርቁ ላይ አስቀመጠና ወደ ቧንቧው ሄደ። ያን እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ውኃ ከፍቶ እጁን ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ፤ ዘይቱ ግን በውኃ አይለቅም። ከዚያ ከግቢው ጥግ፣ ከባህሪያ የልብስ ማስጫ ሥር ቆሞ ሌላ ስልክ ደወለ። እኔ ከተሰጡት አንሶላዎች ጀርባ ነበርኩ። የሚያወራው ከማናሴ ጋር ነው፤ ማናሴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን ሩስተንበርግ ነው የሚነግደው፣ እዚህ አገር ያላት የሥጋ ዘመዷም እሱ ብቻ ነው።

«ዱካሞ አርፏል፣» አለው። «አሁን ደወሉልኝ። እሷ አልሰማችም። አንተ ሳትደርስ አይነገራትም፣ እኔ እስከዚያ መኪናውን ይዤ አቆያታለሁ።»

የአማርኛ አንባቢ የሆነ ሰው እዚህ ላይ የሰማውን እኔ አልሰማሁም። እኛ ቤት የሚያርፍ ሰው ከሱቅ ደክሞ የመጣ ሰው ነው። አባቴ ጫማውን እያወለቀ «ትንሽ ልረፍ» ይላል፣ ያርፋል፣ ይነሳል፣ ራት ይበላል። እግዚአብሔር ጸሎታችንን ሰምቶ አባቴ በመጨረሻ አረፈ። ለእናቴ የማይነገራት ደግሞ ልክ እንደ ልደት ቀን ሰርፕራይዝ ስለሆነ ነው። ደስታው ከአቅሜ በላይ ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር በሆዷ የምትይዝ ልጅ ካለች እኔ አይደለሁም።

እናቴ አልጋው ላይ የአባቴን ሹራብ እያጣጠፈች ነበር።

«እማ፣ ሚስጥር ልንገርሽ?» አልኳት። «ዳዲ አርፏል።»

ቀና አላለችም። «ማን አለሽ?»

«ሲስተሯ ደወለች። ጋሼ ተማም ለአንክል ማናሴ ሲነግረው ሰማሁ። ሰርፕራይዝ ነው፤ እሱ ሲመጣ ነው ሊነግሩሽ የፈለጉት።»

ሹራቡን አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ ዘረጋችውና እንደገና ማጠፍ ጀመረች፣ እጅጌው አልገጥም አላት። ስታየኝ እየሳቅኩ ነበር፤ ጥርሴን ሁሉ አሳይቻት እንደነበር ትዝ ይለኛል። ብዙ አየችኝ። ለሌላ ሰው መናገሬን ጠየቀችኝ፣ ለማንም አልኳት።

«ጥሩ፣» አለች። «እንግዲህ እንዳላወቅን እንሁን።»

ጨዋታ መሰለኝ፣ እሺ አልኩ። ወደ ራሷ ስባኝ እጇን አናቴ ላይ አደረገች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ የእጅ ባትሪውን ይዛ ወጣች።

ከዚህ በኋላ ነው ጋሼ ተማም ሰነፍ የሆነው። ሲሉን ያስጠጋል፣ በመዶሻው እጀታ ጠርዙን ነካ ነካ ያደርገዋል፣ ጠመመ ብሎ በጣቱ መልሶ ያወጣዋል። ይወለውለዋል። ወደ ብርሃን አቅርቦ ስፕሪንጉን ያያል። እንደገና ይሞክራል። እናቴ ከጎኑ ቁጢጥ ብላ ባትሪውን ታበራለታለች። ጠዋት መቆሚያ ያሳጣችው ሴት አሁን አንድ ምክር አልሰጠችውም።

«አልገባም?» አለችው።

«ጠባብ ነው፣ የፅናት እናት። ብርዱም አደነደነው።»

«ቀስ በል፣ ተማም። አያስቸኩልም።»

ጋሼ ተማም ዞር ብሎ አያት። እሷ ዓይኗን ከቀዳዳው አላነሳችም።

ባለፈው ዓመት የራሴ መኪና ዘይት ማፍሰስ ጀመረና ቤኖኒ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ መካኒክ ከንፈሩን ዘይት ቀባ፣ ሲሉን አስቀመጠ፣ በቱቦ ብረት ዙሪያውን መታ መታ አደረገና ጨረስኩ አለኝ። ቡናዬ ገና አልቀዘቀዘም። በቃ? ብዬ ጠየቅኩት። ሌላ ምን አለው? አለኝ። ገንዘቡን ከፍዬ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ የሄድኩት ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ ባህሪያ ነው።

«ታዲያ ምን ያድርግ?» አለችኝ ባህሪያ። «መርዶ ያለ ዘመድ ይነገራል? ትሂድ ብሎ ቁልፉን ቢሰጣት፣ ዘበኛ በር ላይ አቁሞ በእንግሊዝኛ እንዲነግራት ነው?» ያን ቀን ሥራውን እየቻለ እንዳልቻለ መሆን ለተማም ከመመታት ይብስ እንደነበር ነገረችኝ። እናቴ አያስቸኩልም ስትለው ነገሩ እንደገባት ጠርጥሯል፤ ግን እንዴት ብሎ ይጠይቃት? እሷ እንዳላወቀች ሆነች፣ እሱም ማወቋን እንዳላወቀ ሆነ። ሁለቱ አንድ ቀዳዳ ላይ አጎንብሰው ዋሉ።

እኔ ግን ያን ቀን በንዴት ልፈነዳ ደርሼ ነበር። አባቴ አርፎ፣ ተሽሎት፣ መስታወቱ ጀርባ ሆኖ እየጠበቀን ይህ ሰው አንዲት ጎማ ማስገባት ያቅተዋል። የቀትሩ አዛን ተሰማ፤ መስጊዱ ለሰው ቢዘጋም አዛኑ አልተቋረጠም ነበር። ጋሼ ተማም ሊሰግድ ተነስቶ እጅግ ቆይቶ ተመለሰ። ይባስ ብሎ ሶላቱን እንኳ ቶሎ አይጨርስም ብዬ አጉረመረምኩ። ከሰዓት እያለፈ ነው፤ እስከ ከሰዓት ነው ያሏት። «እማ፣ ይረፍድብናል» ብላት «እንደርሳለን» ትለኛለች።

አንድ የሚያጽናናኝ ነገር ነበር። ባህሪያ ከየጎረቤቱ የፕላስቲክ ወንበር እየለቀመች ግቢው ውስጥ አራርቃ ትደረድራለች። ትልቁን የሻይ ፔርሙዝ አወጣች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ፊቷን አዙራ ሰው ሊመጣ ይችላል አለችኝ። በልቤ ሳቅኩ፤ አባቴን ከሆስፒታል ይዘነው ስንመጣ የሚቀመጥበት ነው። የትኛው ወንበር ላይ ፀሐይ እንደሚያርፍ አይቼ ለእሱ መረጥኩለት። የኔን ብርድ ልብስ አምጥቼ አነጠፍኩበት። ባህሪያ አይታኝ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ማናሴ ጎማ ያልተቃጠለበትን የምዕራቡን መንገድ ይዞ የመጣው የቤቱ ጥላ የግቢውን ግማሽ ሲሸፍን ነው። ከቸርች ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላው አሉ፣ ሁሉም ማስክ አድርገዋል። በሩ ጋ ቆሙ። ማናሴ ሁልጊዜ አንሥቶ ያሽከረክረኝ ነበር፣ ያን ቀን በዓይኑም አልፈለገኝም። ጋሼ ተማም ከኮፈኑ ሥር ቀና ብሎ አያቸው፣ ሲሉ በጣቶቹ መሀል እንዳለ። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ኤርጎጌ፣ እስቲ ነይ እዚህ ተቀመጪ አላት።

እናቴ አልተነሳችም።

«ቆዩ፣» አለች። «ይቺን ሳልጨርስ ምንም አትንገሩኝ።»

ባትሪውን ለእኔ ሰጠችኝና እጇን ለጋሼ ተማም ዘረጋች። እሱ ሲሉን መዳፏ ላይ አኖረው። ጣቷን ዘይት ነክራ ከንፈሩን ዙሪያውን ቀባችው፣ ቀስ ብላ፣ የሕፃን ድድ የምታሽ ይመስል ነበር። ቦታው ላይ አስቀመጠችው። አሮጌውን ደረበችበት። መዶሻውን አንሥታ ከላይ መታች፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ እንደገና ዙራ መታች። የምቱ ድምፅ ወፈረ። አሮጌውን ስታነሳ አዲሱ ከብረቱ እኩል ሆኖ ተቀምጧል፣ እንደተወለደበት። በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው፤ የሚጎረብጥ ነገር አልነበረም። ጋሼ ተማም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኔ ገባ ብዬ ዘለልኩ። ሌላ ሰው ያልዘለለበት ምክንያት አልገባኝም። የአባቴን ሹራብ የያዘውን ቦርሳ ከደጃፉ አንሥቼ፣ ባኪው ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ቀበቶዬን አሠርኩ። ራዲያተሩ ገና ግድግዳውን ተደግፎ፣ ያ ክብ ብረት ጨርቁ ላይ እንደተኛ አይቻለሁ፤ ግን ሲሉ ከገባ ሌላው ምን አለው ብዬ ነው። ኮፈኑ ስለተከፈተ ከፊቴ የሚታየኝ የተከፈተው ኮፈን ብቻ ነበር። ከጎን መስታወቱ እናቴ እጇን በጨርቅ ስትጠርግ ይታየኛል፤ እያንዳንዱን ጣት ለብቻው። ከዚያ ሄዳ ብርድ ልብስ ያነጠፍኩበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አሁን ንገሩኝ፣» ስትል ሰማሁ።

ማናሴ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ቁጭ ብላ ማውራቷ አናደደኝ፤ መሄድ እያለብን? ወደ መሪው ተንጠራርቼ ክላክሱን ተጫንኩ። እማ፣ ቶሎ በይ ማለቴ ነው። ደግሜ፣ ረዘም አድርጌ ተጫንኩት። ጋሼ ተማም እየሮጠ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር፣ እሱ ግን እንባው በማስኩ ውስጥ እየገባ እጄን ከክላክሱ ላይ በሁለት እጁ አነሳው።

ያኔ ነው እናቴ የጮኸችው። «ዱካሞ! ዱካሞዬ! ዱካሞ!»

እናቴ አባቴን እንደዚያ አድርጋ የምትጠራው በሩ ላይ ስታየው ብቻ ነበር፤ ከዳቬይተን አምሽቶ ሲገባ። እኛ ስንዘገይባቸው ሐኪሞቹ ራሳቸው አመጡት ማለት ነው። የሹራቡን ቦርሳ እንደያዝኩ ቀበቶዬን ፈትቼ፣ በጋሼ ተማም ብብት ሥር ሾልኬ፣ በወንበሮቹ መሀል ሮጥኩ። ሽማግሌዎቹ ሊይዙኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ አልደረሱብኝም። የግቢውን በር ከፍቼ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ማንም የለም። እናቴ ከጀርባዬ አሁንም ትጠራዋለች። በየትኛው በኩል እንደሚመጣ ስላላወቅኩ ሹራቡን ይዤ አስፋልቱ መሀል ቆምኩ፣ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እያየሁ።